የመንገደኛ ዱካ መዝገብ፤ ከዳባዲ ቴዎዶሊት እስከ ጂፒኤክስ ፋይል

ፈረንሳዊው ሊቅ አንቷን ዳባዲ ከወንድሙ ከአርኖ ጋር በምጽዋ በር ወደ ኢትዮጵያ በገባበት በ1838 (በዚህ ትረካ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አንድ መንገደኛ ያለፈበትን ጎዳና ለተከታዩ ትውልድ በቍጥር ለማስተላለፍ ሲሻ የነበረው ዘዴ፣ ከአንዱ ተራራ ወደ ሌላው እየወጣ፣ ቴዎዶሊት በሚባለው የማዕዘን መለኪያ በዙሪያው የሚታዩትን ጫፎች አንድ በአንድ እያነጣጠረ፣ አቅጣጫውንና ሰዓቱን በገዛ እጁ በደብተር ላይ መጻፍ ነበር። የቦታውን ከፍታ ደግሞ ውሃ የሚፈላበትን የሙቀት መጠን በመለካት ያገኘው ነበር፤ በደጋ አየሩ ስለሚሳሳ ውሃው በቈላ ከሚፈላበት ባነሰ ሙቀት ይፈላልና። ዳባዲ በዚህ አኳኋን አሥር ዓመት ያህል ከቀይ ባሕር ዳርቻ እስከ ከፋ ድረስ ሲዘዋወር ኖሮ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ፣ የሰበሰበውን ቍጥር አስልቶና አስተካክሎ የኢትዮጵያን የመሬት ልኬት የያዘውን መጽሐፉን አሳትሞ የጨረሰው በ1873 ነው። ልኬቱን ለመሰብሰብ ከፈጀው ዘመን ይልቅ የተሰበሰበውን ለማረም የፈጀው ዘመን በእጥፍ የበለጠ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

ከዳባዲ ደብተር ውስጥ ጌጡ ቢወጣና ፍሬ ነገሩ ብቻ ቢቀር፣ የሚገኘው በየመስመሩ ቦታው የት እንደሆነ፣ ከፍታው ምን ያህል እንደሆነ፣ መቼም እንደታየ የሚናገር ተራ መዝገብ ነው። ዛሬ አንድ ወጣት በእንጦጦ ደን ውስጥ ሲመላለስ በኪሱ ያለው ስልክ የሚጽፍለት የጂፒኤስ ፋይልም የያዘው እነዚህኑ ሦስት ነገሮች ነው። በሁለቱ መካከል ያለፈው ዘመን ግን ልዩ ልዩ ጠቢባን፣ ወታደሮችና ነጋዴዎች እጃቸውን ያገቡበት በመሆኑ፣ እያንዳንዳቸው በመዝገቡ ላይ የየራሳቸውን ልማድ አትመውበት አልፈዋል፤ ስለዚህም ታሪኩን የማያውቅ ሰው ፋይሉን ከፍቶ ቢያየው እንኳ የተጻፈውን በትክክል ለመረዳት፣ ይልቁንም ሳያበላሽ ለማረም ይቸገራል።

ዳባዲ በሞተ በስድሳኛው ዓመት፣ በኦክቶበር 4 ቀን 1957፣ ማለት በእኛ አቆጣጠር መስከረም 24 ቀን 1950 ዓ.ም.፣ ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክ የተባለችውን ሰው ሠራሽ ጨረቃ ወደ ሰማይ ላከች። በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የተግባራዊ ፊዚክስ ቤተ ሙከራ ይሠሩ የነበሩት ዊልያም ጋየርና ጆርጅ ዋይፈንባክ የተባሉ ሁለት ወጣት ተመራማሪዎች ከእርስዋ የሚመጣውን የሬዲዮ ምልክት ሲያዳምጡ፣ ስትቀርብ የሞገዱ ድግግሞሽ ከፍ እንደሚል፣ ስትርቅ ደግሞ ዝቅ እንደሚል አስተዋሉ፤ ይህንንም ልዩነት በመለካት ብቻ፣ ከተቀመጡበት ወንበር ሳይነሡ፣ የሳተላይቷን ምሕዋር አስልተው አገኙት። በሚከተለው ዓመት አለቃቸው ፍራንክ ማክሉር ጥያቄውን ገልብጦ አቀረበላቸው፤ ቦታው የታወቀ ሰው የሳተላይትን ያልታወቀ መንገድ ማግኘት ከቻለ፣ መንገዷ ከታወቀ ሳተላይት ተነሥቶ ያልታወቀ ቦታን ማግኘት እንዴት ያቅታል? ከዚህ ጥያቄ የተወለደው ትራንዚት የተባለው ሥርዓት በ1960 የመጀመሪያዋን የተሳካች ሳተላይት አስወነጨፈ፤ ከ1964 ጀምሮ የአሜሪካን ሰርጓጅ መርከቦች ማገልገል ጀመረ፤ በ1967ም ለሲቪል መርከቦች ተፈቀደ። ይሁን እንጂ ትራንዚት ቦታን የሚናገረው ሳተላይት በራስ ላይ በምታልፍበት ጊዜ ብቻ ስለነበረ፣ ተጠቃሚው የሚቀጥለውን ልኬት ለማግኘት ረጅም ጊዜ መጠበቅ ነበረበት፤ በውቅያኖስ ላይ ቀስ ብሎ ለሚሄድ መርከብ ይህ በቂ ነው፣ ቦታው እርምጃ በእርምጃ ለሚለዋወጥበት እግረኛ ግን አይበቃም።

ይህን ጉድለት ለመሙላት የባሕር ኃይሉ የምርምር ቤተ ሙከራ ባልደረባ ሮጀር ኢስተን እጅግ ትክክለኛ ሰዓቶችን በሳተላይት ላይ የመጫንን ሐሳብ አቀረበ፤ ቲሜሽን የተባለችው የሙከራ ሳተላይቱም በ1967 ተላከች። የአየር ኃይሉም በበኩሉ የራሱን ሥርዓት ይነድፍ ነበርና፣ ሁለቱ ክፍሎች እንዳይሻኮቱ ኮሎኔል ብራድፎርድ ፓርኪንሰን በ1973 በሴፕቴምበር ወር መግቢያ፣ አሜሪካውያን የሠራተኞችን በዓል በሚያከብሩበት የዕረፍት ቀን፣ ጥቂት ባለሙያዎችን በፔንታገን ሰብስቦ ከየወገኑ የሚሻለውን በማዋሐድ አንድ ዕቅድ አወጣ፤ ዕቅዱም በዚያው ዓመት በዲሴምበር ጸደቀና ናቭስታር ጂፒኤስ ተባለ። በዚያው በ1973፣ ከዚህ ነገር ጋር ምንም ግንኙነት ሳይኖራቸው፣ ዴቪድ ዳግላስና ቶማስ ፖይከር የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በካናዳ በሚታተም የካርታ ጥበብ መጽሔት ላይ ብዙ ነጥብ ያለውን ጠማማ መስመር ቅርጹን ሳያጣ በጥቂት ነጥብ የመወከልን ስሌት አሳተሙ። ይህ ስሌት በኋላ ዘመን የመንገደኛ ዱካ አራሚ ሁሉ ዋና መሣሪያ ለመሆን የተጠበቀ ነበር።

የመጀመሪያዋ የጂፒኤስ ሳተላይት በፌብሩዋሪ 1978 ተላከች። የሥርዓቱ ምሥጢር በጊዜ ላይ የቆመ ነው፤ እያንዳንዷ ሳተላይት ከምድር በ20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ እየዞረች ያለችበትን ቦታና ምልክቱን የላከችበትን ቅጽበት ትናገራለች፤ ተቀባዩም ምልክቱ ለመድረስ የፈጀውን ጊዜ በብርሃን ፍጥነት አባዝቶ ርቀቱን ያገኛል። በእጅ የሚያዘው መሣሪያ ሰዓት ግን እንደ ሳተላይቷ ሰዓት የረቀቀ ባለመሆኑ፣ የሰከንድ ሚሊዮንኛ ክፍል ስሕተት 300 ሜትር ያህል ያሳስታል፤ ስለዚህ ሦስት ሳተላይቶች ለኬክሮስ፣ ለኬንትሮስና ለከፍታ ሲያስፈልጉ አራተኛዋ የመሣሪያውን ሰዓት ለማረም ትጨመራለች። በዱካ ፋይል ውስጥ ከቦታው ጎን አብዛኛውን ጊዜ ሰዓት ተጽፎ የሚገኘውም ከዚህ የተነሣ ነው፤ መሣሪያው ቦታውን ባወቀ ጊዜ ሰዓቱንም በዚያው ስሌት አውቆታልና።

ቦታን በቍጥር ለመናገር ደግሞ ምድር ራስዋ ምን ቅርጽ እንዳላት አስቀድሞ መስማማት ግድ ነው። በቨርጂንያ በዳልግረን የባሕር ኃይል ጣቢያ የሒሳብ ሊቅ ግላዲስ ዌስትን የመሰሉ ሠራተኞች ከሳተላይት የተገኘውን ልኬት በኮምፒዩተር እያሰሉ የምድርን ቅርጽ አጥብቀው መረመሩ፤ የጂፒኤስም መለኪያ በዓለም አቀፉ የ1984 የመሬት ልኬት ሥርዓት፣ ባለሙያዎች በአጭሩ ደብሊውጂኤስ 84 በሚሉት ዳተም (የልኬት መሠረት) ላይ ጸና። ከዚያ በፊት ግን አገሮች በየአካባቢያቸው የተለያየ ዳተም ነበራቸው። በአገራችን በ1950ዎቹ መጨረሻ በዓባይ ተፋሰስ ከተደረገው ቅየሳ ጀምሮ የጸናው ዳተም አዲንዳን ይባላል፤ ስሙን ያገኘው በግብፅና በሱዳን ወሰን አቅራቢያ ካለው የልኬቱ መነሻ ቦታ ሲሆን፣ የምድርን ቅርጽ የሚወስደውም በ1880 ክላርክ ከተባለው እንግሊዛዊ ስሌት ነው። ከዚህ የተነሣ በአዲስ አበባ አካባቢ የአንድ ቦታ የዩቲኤም ቍጥር (ቦታን በሜትር የሚናገረው) በሁለቱ ዳተሞች ሲነበብ በሰሜን አኀዝ ሁለት መቶ ሜትር ያህል፣ በምሥራቅ አኀዝም ወደ መቶ ሜትር የሚጠጋ ልዩነት ያሳያል። በአዲንዳን የታተመውን የ1፡50,000 ካርታ ይዞ የጂፒኤስ ዱካውን በላዩ የሚዘረጋ ሰው፣ ዳተሙን ካልለወጠ፣ በወንዙ ማዶ ያለፈውን መንገድ በወዲህ አድርጎ ያየዋል፤ ጥፋቱን ግን ብዙ ጊዜ በመሣሪያው ላይ ያሳብባል።

በ1983 በሴፕቴምበር መባቻ አንድ የደቡብ ኮርያ የመንገደኞች አውሮፕላን ከመንገዱ ስቶ ወደ ሶቪየት የአየር ክልል በመግባቱ በሳካሊን ደሴት አጠገብ ተመትቶ ወደቀ፤ በውስጡ የነበሩት 269 ሰዎችም ሁሉ አለቁ። ፕሬዚዳንት ሬገን ከዚህ መከራ በኋላ የጂፒኤስ አገልግሎት ሥራው በተጠናቀቀ ጊዜ ለዓለም ሲቪሎች ሁሉ ያለ ክፍያ እንደሚሰጥ አስታወቁ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የባሕር ኤሌክትሮኒክስ ማኅበር በመርከብ ላይ ያሉ መሣሪያዎች እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበትን ኤንኤምኢኤ 0183 የተባለ ደንብ አወጣ፤ በዚህ ደንብ ተቀባዩ በየሰከንዱ ሰዓቱን፣ ቦታውንና የተጠቀመባቸውን ሳተላይቶች ብዛት በነጠላ ሰረዝ ለይቶ በአንድ መስመር ይጽፋል። ደንቡ የመርከበኞችን ልማድ በመከተል ዲግሪውንና ደቂቃውን አያይዞ ስለሚጽፍ፣ ዘጠኝ ዲግሪ ከአንድ ነጥብ ስምንት ደቂቃ 0901.8 ሆኖ ይገኛል። ይህን 9.018 ዲግሪ ነው ብሎ የሚወስድ ችኩል አንባቢ፣ ትክክለኛው 9.03 ነውና፣ ቦታውን አንድ ኪሎ ሜትር ከሦስት መቶ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ያፈናቅለዋል።

በ1989 ማጄላን የተባለው ኩባንያ በእጅ የሚያዝ የመጀመሪያውን የጂፒኤስ መሣሪያ በ3,000 ዶላር ገደማ ለገበያ አቀረበ፤ ጋርሚንም በዚሁ ዓመት ተመሠረተ። በ1991 የባሕረ ሰላጤው ጦርነት ወታደሮች ምልክት በሌለው በረሃ በዚህ መሣሪያ እየተመሩ ከሄዱ በኋላ ዝናው በዓለም ተሰማ፤ በ1995ም ሥርዓቱ ሃያ አራት ሳተላይቶችን ይዞ ሙሉ በሙሉ ሥራ መጀመሩ ታወጀ። የመንገደኛ ዱካ ፋይል ልደትም በዚህ ዘመን ነው፤ መሣሪያው ባለቤቱ ሳያዝዘው በየጥቂት ሰከንዱ ወይም በየጥቂት ሜትሩ ያለበትን እየመዘገበ፣ ነጥቦቹንም በመስመር እያያያዘ በትንሿ መስታወት ላይ ማሳየት ጀመረ። የማስታወሻው መጠን ግን እጅግ ጠባብ ነበር። ከዘመኑ ታዋቂ መሣሪያዎች አንዳንዶቹ ከ1024 ነጥብ በላይ ስለማይዙ፣ ሲሞሉ የጉዞውን መጀመሪያ እየደመሰሱ መጨረሻውን ይጽፉ ነበር፤ ሌሎችም ዱካውን ለማስቀመጥ በታዘዙ ጊዜ ነጥቦቹን አሳስተው፣ ሰዓቱንም ጥለው ያስቀምጡ ነበር። ከዚያ ዘመን በተረፉ ፋይሎች ውስጥ ሰዓት የሌለው መስመር የሚገኘው ስለዚህ ነው።

ሌላም እክል ነበረ። የአሜሪካ መንግሥት ጠላት እንዳይጠቀምበት በማለት ለሲቪሎች በሚሰጠው ምልክት ላይ ሆን ብሎ ስሕተት ይጨምርበት ስለነበር፣ መሣሪያው እስከ 100 ሜትር ድረስ ይሳሳት ነበር፤ በአንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያረፈ ሰው እንኳ ዱካውን ሲያይ በመንደሩ ሁሉ ሲባዝን የዋለ መስሎ ይታይ ነበር። በዚያ ላይ እያንዳንዱ አምራች ፋይሉን በራሱ ቋንቋ ይጽፍ ነበር። የወረቀት ካርታን በስካነር አንሥቶ፣ በማዕዘኖቹ ላይ ኬክሮስና ኬንትሮስ አስይዞ ዱካን በላዩ የሚያሳየው ኦዚኤክስፕሎረር የተባለው የአውስትራሊያ ፕሮግራም ከፍታን በሜትር ፈንታ በጫማ ይጽፋል፤ ከፍታው ያልታወቀውን ነጥብ ደግሞ በባዶ ቦታ ሳይተው ነጋቲቭ 777 ብሎ ያስቀምጠዋል። ይህን የማያውቅ አራሚ እንዲህ ያለውን ነጥብ ከዳሎል በታች ያለ ጥልቅ ገደል አድርጎ ቢያየው አይፈረድበትም።

የ2000 ዓመት የዚህ ታሪክ ዋና መታጠፊያ ሆነ። በፌብሩዋሪ ወር ኢንደቨር የተባለችው የጠፈር መንኮራኵር በአሥራ አንድ ቀን ጉዞ ከሰሜን 60 ዲግሪ እስከ ደቡብ 56 ዲግሪ ያለውን የብስ ሁሉ በራዳር ለካችና ለምድር ከፍታ የሚያገለግል አንድ ወጥ መዝገብ ተገኘ። በሜይ ወር መግቢያ ደግሞ ፕሬዚዳንት ክሊንተን ሆን ተብሎ ይጨመር የነበረው ስሕተት እንዲቀር አዘዙ፤ በአንዲት ሌሊት የዓለም የሲቪል ጂፒኤስ መሣሪያዎች ሁሉ፣ አንዳቸውም ሳይጠገኑ፣ ከቀድሞው ብዙ እጅ የተሻለ ልኬት ሰጡ። ብዙ ቀን ሳይቆይ አንድ ሰው በኦሬገን ዕቃ የሞላበት ባልዲ በደን ውስጥ ቀብሮ ቦታውን በቍጥር አስታወቀ፤ ሌሎችም ፈልገው አገኙት፤ ጂኦካሺንግ የተባለው ጨዋታ ከዚህ ተጀመረ። ከዚያ በኋላ ተራራ ወጪዎች፣ ብስክሌተኞችና የደን ተመላላሾች ዱካቸውን እርስ በርስ ሊለዋወጡ ፈለጉ፤ የባቢሎን ቋንቋ መደበላለቅ ግን ከለከላቸው።

ይህን መደበላለቅ ለማስወገድ ሁለት መንገድ ተገኘ። ሮበርት ላይፕ የጀመረው ጂፒኤስባቤል የተባለው ነጻ ፕሮግራም አንዱን የፋይል ዓይነት ወደ ሌላው እየተረጐመ ሲያግባባ፣ ቶፖግራፊክስ የተባለው አነስተኛ ኩባንያ መሪ ዳን ፎስተር ደግሞ ሁሉ በአንድነት ሊጽፈው የሚችል ጂፒኤክስ የተባለ ደንብ በ2002 አቀረበ፤ የተሻሻለው 1.1 ቅጂም በኦገስት 2004 ወጣ። ጂፒኤክስ በተራ ፊደል የተጻፈ ስለሆነ ማናቸውም የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም ይከፍተዋል፤ በውስጡም ሦስት ዓይነት ነገር ይገኛል። ዌይፖይንት ለብቻው የቆመ ነጥብ ነው፤ ምንጭ፣ ድልድይ ወይም የድንኳን ቦታ ሊሆን ይችላል። ሩት ወደፊት ሊኬድ የታሰበ የጥቂት ነጥቦች ቅደም ተከተል ነው። ትራክ ግን በእርግጥ የተኬደበት የዱካ ምስክር ነው፤ ትራኩም በክፍል በክፍል ይከፈላል፤ መሣሪያው ተዘግቶ ሲከፈት ወይም ሰማዩ ተሰውሮ ምልክቱ ሲቋረጥ አዲስ ክፍል ይጀመራል። ከነጥቡ ጋር ኬክሮሱና ኬንትሮሱ በዲግሪና በአሥርዮሽ፣ ከፍታው በሜትር፣ ሰዓቱም በግሪንዊች በኩል በሚቆጠረው ዓለም አቀፍ ሰዓት ይጻፋል፤ ዳተሙም ሁልጊዜ ደብሊውጂኤስ 84 እንዲሆን ተደንግጓል። ከአሥርዮሽ ነጥቡ በኋላ ያለው አምስተኛ አኀዝ አንድ ሜትር ያህል ስለሚያመለክት፣ ከዚያ በላይ የሚደረደሩት አኀዞች የእግረኛን ጉዞ ይበልጥ እውነተኛ አያደርጉትም።

ስለ ሰዓቱ ኢትዮጵያዊ አንባቢ አንድ ነገር ልብ ሊል ይገባዋል። በፋይሉ 06:30 ተብሎ መጨረሻው ላይ ዜድ የሚለው የላቲን ፊደል ቢታይ፣ በምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት ሦስት ተጨምሮበት 9:30 ይሆናል፤ በእኛ አቆጣጠር ደግሞ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። ይህን ሳይለዩ ፎቶግራፍን ከዱካ ጋር በሰዓት ለማዛመድ የሚሞክሩ ሰዎች፣ ከተራራው ጫፍ የተነሣውን ሥዕል ከእግሩ ሥር ያስቀምጡታል።

በ2004 በእንግሊዝ ስቲቭ ኮስት ኦፕንስትሪትማፕ የተባለውን ነጻ የዓለም ካርታ መሠረተ፤ በጎ ፈቃደኞች በእግርና በብስክሌት እየዞሩ የሰበሰቡትን ዱካ በኮምፒዩተር ላይ እየተከተሉ መንገድ ይሥሉበት ጀመር። በዚያው ዓመት ጉግል ኪሆል የተባለውን ኩባንያ ገዛ፤ በ2005ም ጉግል ኧርዝን አወጣ፤ እነሆ ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው ዱካውን በሳተላይት ሥዕል ላይ ዘርግቶ፣ ቀን ሙሉ የወጣውን ዳገት ከሰማይ ሊያየው ቻለ። የጉግል ኧርዝ ፋይል ኬኤምኤል ይባላል፤ በ2008ም ዓለም አቀፍ ደንብ ሆነ። ኬኤምኤል ግን ኬንትሮስን አስቀድሞ ኬክሮስን ያስከትላል፤ በተለምዶ ኬክሮስ መቅደሙን ብቻ የሚያውቅ ሰው ቍጥሮቹን በእጁ ሲገለብጥ ቦታ ቢያቀያይር፣ በ9.03 ሰሜንና በ38.75 ምሥራቅ ያለችው አዲስ አበባ ከሰርዲንያ ደሴት በስተደቡብ በሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ትገኛለች።

ዱካን በትልቅ መስታወት ማየት በተቻለ ጊዜ ጉድለቱም አብሮ ታየ፤ የማረም ጥበብም ከዚህ አደገ። ከሁሉ አስቀድሞ የሚታረመው የዘለለ ነጥብ ነው። እንደ ዓባይ በረሃ ባለ ጥልቅ ሸለቆ ውስጥ ወይም በረጃጅም ሕንፃዎች መካከል የሳተላይቱ ምልክት ከገደሉ ወይም ከግድግዳው ተላትሞ ስለሚመጣ መሣሪያው ርቀቱን አስረዝሞ ያሰላል፤ በዱካውም ላይ እግረኛው በሁለት ሰከንድ ሁለት መቶ ሜትር ዘልሎ የተመለሰ ያስመስላል። እንዲህ ያለውን ነጥብ የሚያጋልጠው ከጎረቤቶቹ ጋር ሲነጻጸር የሚገኘው ፍጥነት ነውና፣ አራሚው በዓይኑ ብቻ ሳይተማመን ፍጥነቱን ይመረምራል። ሁለተኛው በዕረፍት ቦታ የሚከማቸው የነጥብ ክምር ነው፤ ሰውየው ተቀምጦ ምሳውን ሲበላ መሣሪያው ያላቋረጠ ጥቃቅን ስሕተቱን እየመዘገበ የጉዞውን ርቀት በከንቱ ያረዝመዋል። ሦስተኛው የነጥብ መብዛት ነው፤ በ1973 የታተመው የዳግላስና የፖይከር ስሌት የመስመሩን ሁለት ጫፎች አገናኝቶ ከዚያ ቀጥታ መስመር ይበልጥ የራቀውን ነጥብ እየጠበቀ፣ ከተወሰነ ርቀት በታች ያሉትን ይጥላል። ነገር ግን የተጣለው ነጥብ ሰዓቱንና ከፍታውን ይዞ ስለሚሄድ፣ የቀለለው ዱካ ለመንገድ መሪነት ቢበቃም ለፍጥነት ምርመራ አይበቃም።

ይበልጡን የሚያስቸግረው ከፍታ ነው። ሳተላይቶቹ ሁሉ ከራስ በላይ እንጂ ከእግር በታች ስለማይገኙ የጂፒኤስ ከፍታ ከአግድም ልኬቱ ይልቅ ይሳሳታል፤ ደግሞም መሣሪያው በመጀመሪያ የሚያገኘው ከስሌቱ የምድር ቅርጽ በላይ ያለውን ከፍታ ነው፤ ይህም ከባሕር ወለል ከፍታ ጋር አንድ አይደለም፤ ከህንድ በስተደቡብ ባለው ውቅያኖስ ልዩነቱ መቶ ሜትር ያህል ይደርሳል። በየነጥቡ የሚደረገው የጥቂት ሜትር ማወዛወዝ ሲደመር በሜዳ የሄደውን ሰው ተራራ የወጣ ስለሚያስመስለው፣ ብዙ ፕሮግራሞች በ2000 የተገኘውን የራዳር ከፍታ በየነጥቡ ይተኩበታል። የራዳሩ ልኬት ለሰፊው አገር እጅግ ጠቃሚ ነው፤ በቀድሞ መጻሕፍት 4,620 ሜትር ይባል የነበረው ራስ ዳሸን ዛሬ 4,550 ሜትር ያህል ሆኖ የሚጻፈውም በአዳዲስ ልኬቶች ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ በስሜን አፋፍ ላይ ለሚጓዝ ሰው ይህ መተካት ወጥመድ ይሆናል፤ ነጥቡ ሃያ ሜትር ብቻ ወደ ገደሉ ቢያዘነብል፣ የሚሰጠው ከፍታ በመቶ ሜትሮች ያነሰ የገደሉ ግርጌ ከፍታ ሊሆን ይችላል፤ መንገደኛውም በአንድ ቀን ብዙ ጊዜ ገደል ወርዶ የወጣ ሆኖ ይቆጠራል። በእንዲህ ያለ ቦታ የአየር ግፊት መለኪያ ያለው መሣሪያ የመዘገበውን ከፍታ እንዳለ መተው ይሻላል።

ከ2008 ጀምሮ ጂፒኤስ ያላቸው ዘመናዊ ስልኮች እየበዙ በመሄዳቸው ለዚህ ሥራ ብቻ የተሠራ መሣሪያ መግዛት የብዙ ሰው ግዴታ መሆኑ ቀረ። የስፖርት ሰዓት አምራቾችም የልብ ትርታንና የእርምጃን ፍጥነት ጨምሮ በትንሽ ቦታ ብዙ ነገር የሚይዘውን ፊት የተባለ የፋይል ዓይነት አስፋፉ፤ ፊት በሰው ዓይን የማይነበብ፣ በኮምፒዩተር ብቻ የሚፈታ ነው፤ ጊዜውንም መቁጠር የሚጀምረው ከ1989 የመጨረሻ ቀን ነው። ወደ ጂፒኤክስ ሲተረጐም ከቦታ፣ ከከፍታና ከሰዓት በቀር ሌላው ብዙ ጊዜ ይቀራልና፣ ዋናውን ፋይል ሳያስቀምጡ መተርጐም የማይመለስ ጉዳት ያመጣል።

በኖቬምበር 2017 ስትራቫ የተባለው የስፖርተኞች አገልግሎት የደንበኞቹን ዱካ በአንድ ካርታ ላይ አብርቶ አወጣ። በጃንዋሪ 2018 አንድ አውስትራሊያዊ ተማሪ ካርታውን ሲመረምር፣ ሌላ ብርሃን በሌለበት በረሃ ውስጥ ወታደሮች የሚሮጡበት አጥር ጥርት ብሎ እንደሚታይ አመለከተ፤ በምሥጢር የተያዙ የጦር ሰፈሮች በእግር ዱካ ተገለጡ። ወታደሩን ያጋለጠው ዱካ ተራውን ሰው ከማጋለጥ አይመለስም፤ ብዙ ጉዞ የሚጀመረውና የሚያልቀው በቤት ደጃፍ ነውና። በ2019 ኤፕሪል ደግሞ ጂፒኤስ ሳምንታትን እስከ 1024 ቆጥሮ እንደገና ከዜሮ ስለሚጀምር፣ አንዳንድ አሮጌ መሣሪያዎች የዕለቱን ጉዞ በኦገስት 1999 እንደተደረገ አድርገው መዘገቡት፤ የቦታው ቍጥር ግን ትክክል ነበረ። እንዲህ ያለውን ፋይል ጥቅም የለውም ብሎ መጣል አይገባም፤ በየነጥቡ ሰዓት ላይ 7,168 ቀን ቢጨመር ዱካው ወደ እውነተኛ ቀኑ ይመለሳል።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ የሚወጣው ፍርድ አንድ ነው፤ ዱካ መሣሪያው በዚያ ሰዓት በዚያ ቦታ ያሰበውን የሚናገር ምስክር እንጂ መንገዱ ራሱ አይደለም፤ አራሚውም የብራና መጽሐፍ እንደሚገለብጥ ጸሐፊ ከዋናው ያገኘውን ከራሱ ከጨመረው ለይቶ ማሳየት ይገባዋል። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ዱካህን በምታርምበት ጊዜ ዋናውን ፋይል ሳትነካ አስቀምጠህ በግልባጩ ላይ ሥራ፤ የወረቀት ካርታ በምትጠቀምበት ጊዜ ዳተሙን ከካርታው ግርጌ አንብብ፤ ምልክቱ የተቋረጠበትን ክፍት ቦታ በልብህ በምትገምተው ቀጥታ መስመር አትሙላው፣ የሚከተልህ ሰው ገደል ሊገባበት ይችላልና፤ ያረምኸውን ከማጋራትህ በፊት በደጃፍህ የሚጀምረውንና የሚያልቀውን ክፍል ቍረጥ፤ ምን እንደለወጥህም በፋይሉ መግለጫ ላይ በአጭሩ ጻፍ። በ2004 የወጣው የጂፒኤክስ 1.1 ደንብ ዛሬም ሳይለወጥ በሥራ ላይ ስለሆነ፣ በዚህ ጥንቃቄ የተቀመጠ ዱካ ከብዙ ዓመት በኋላም ለሌላ መንገደኛ መሪ ሊሆን ይችላል።